ባሕር ዳር ያለው የአሸዋ ተራራ ከየት ይመጣል? (ከተማዋን ማለቴ አይደለም)

የሐይቅ ልጅ (ሐይቅ) ቅዳሜ ማታ 2:10

እንደምን አመሻችሁ የወሎ ልጆች። አሰላሙ አለይኩም ለምትሉም ወአለይኩም ሰላም ብያለሁ።

ኦማን ስድስት ዓመት ሠርቼ ከተመለስኩ ስምንት ወሬ ነው። የነበርኩት ሱር የምትባል የባሕር ጠረፍ ከተማ ነው። አሠሪዎቼ አርብ አርብ በባሕሩ ዳርቻ ወደ ደቡብ ለሽርሽር ይወጣሉ። እኔም ልጆቹን ለመያዝ አብሬ እወጣለሁ። ከከተማው ራቅ ሲባል፣ አንድ ቦታ ላይ በግራ ባሕር፣ በቀኝ የአሸዋ ተራራ ይሆናል። ተራራ ስላችሁ ጦሳን እንዳታስቡ። ግን ሦስት አራት ፎቅ የሚያህል አለ።

ሦስት ነገር እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። ውሃ አሸዋ ይዞ ወደ ታች ሲወርድ እንጂ ወደ ላይ ሲወጣ አላየሁም። ታዲያ ያን ሁሉ ማን ቆለለው? ደግሞ በባሕሩ በኩል በነጠላ ጫማ እንደ አስፋልት እየረገጥኩ እወጣለሁ። በወዲያኛው ስወርድ ግን እስከ ጉልበቴ እሰምጣለሁ፣ አሸዋውም አብሮኝ ይናዳል። ሁሌም በዚያው በኩል ነው። ሌላው፣ በመጀመሪያው ዓመት ሻርፔን የምሰቅልባት አንዲት ቁጥቋጦ ነበረች። በሦስተኛው ዓመት ጫፏ ብቻ ቀረ። ከዚያ እሱም ጠፋ።

ወንድሜ «በዶዘር ገፍተው ነው፣ አረቦች ገንዘብ አላቸው» አለኝ። አላመንኩትም። አንድ የኔስካፌ ብልቃጥ ሙሉ አሸዋ ይዤ መጥቻለሁ፣ ቡፌው ላይ ተቀምጧል። የሚያውቅ ካለ ያስረዳኝ።

ሰኞ ገበያ (ባቲ) 2:24

ርዕሱን ሳይ ጣና ዳር አሸዋ ተገኘ ብዬ ሲኖትራክ ላለው አጎቴ ልደውል ነበር። ሃሃሃ። እንኳን ለሀገርሽ አበቃሽ እህቴ።

ኮድ ሦስት (ኮምቦልቻ) 2:31

ያ ሁሉ አሸዋ ባለቤት የለውም? እዚህ አንድ ቢያጆ የቦርከና አሸዋ ስንት እንደገባ ብታውቂ ብልቃጡንም ትሸጪው ነበር።

ቀልዱን ትቼ አንድ ነገር ልበል። አሸዋ ስጭን አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። ገልባጭ ስደፋ አሸዋው ምንጊዜም ያንኑ ተዳፋት ይዞ ይቆማል። ብጨምርበት ከታች ይሰፋል እንጂ ቀጥ ብሎ አይቆምም። የምትሰምጪበት በኩል እሱ ይመስለኛል። ከዚህ በላይ አላውቅም፣ መምህር ይምጡ።

ሰኞ ገበያ 2:33

ጋሼ የጦሳ ጥላ ይድረሱልን!

የጦሳ ጥላ (ደሴ) 3:50

ደረስኩ። ሦስተኛው ቡና ላይ ሆኜ ነው ያየሁት።

ሠላሳ አንድ ዓመት ጂኦግራፊ አስተምሬያለሁ። ይቺን ትምህርት በጠመኔ ሰሌዳ ላይ እየሳልኩ ነው ያሳለፍኳት። ባሕር አይተው በማያውቁ ልጆች ፊት፣ ባሕር በቅጡ ያላየ መምህር። ልጄ፣ አንቺ ከእኔ የተሻለ አይተሻል።

ወንድምሽ ዶዘር ማለቱ ጨርሶ ስህተት አይደለም። ዶዘሩ ግን ነፋስ ነው።

ውሃ አሸዋውን ዳርቻ ድረስ ያመጣዋል፣ አይቆልለውም። ሞገድ ከባሕሩ ወለል እየፈነቀለ ዳር ላይ ይተፋዋል። ባሕሩ ሲጎድል እርጥቡ አሸዋ ይጋለጣል፣ ፀሐይ ያደርቀዋል። እርጥብ እያለ ነፋስ አይችለውም፤ ውሃው ቅንጣቱን ከቅንጣቱ አጣብቆ ይይዘዋል። ሲደርቅ ነፋሱ ይረከባል። ስለዚህ ብዙ አሸዋ፣ የሚደርቅበት ሰፊ ዳርቻ፣ ከባሕር ወደ የብስ የሚነፍስ ነፋስ፣ አሸዋውን የሚያስቆም ነገር ያስፈልጋል። አንዱ ከጎደለ ክምር የለም። ብዙ ባሕር ጠረፍ አሸዋ እያለው ክምር የሌለው ለዚህ ነው።

አሁን ነፋሱን እንይ። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲደርስ ደረቅ አሸዋ መንቀሳቀስ ይጀምራል። የክምር አሸዋ ቅንጣት ሩብ ሚሊ ሜትር አካባቢ ነች። ሰው አሸዋ ይበራል ይላል። አብዛኛው ግን አይበርም፣ ይዘላል። ቅንጣቷ ትነሳለች፣ ነፋሱ ትንሽ ይወስዳታል፣ ስትወድቅ ሌላዋን መትታ ታስነሳለች። ያቺም ሌላዋን። ትልልቆቹ መነሳት ሲያቅታቸው እየተገፉ ይንከባለላሉ። ልጄ፣ ነፋስ ሲበረታ ቁርጭምጭሚትሽን እንደ መርፌ የሚወጋሽ፣ ፊትሽን ግን የማይነካሽ ነገር አልነበረም? እሱ ነው። ዝላዩ ዝቅተኛ ነው።

ይህን በደንብ ያጠናው ራልፍ ባግኖልድ የሚባል እንግሊዛዊ የጦር መሐንዲስ ነው። በግብፅና በሊቢያ በረሃ በፎርድ መኪና ሲንከራተት ቆይቶ፣ ሀገሩ ገብቶ የነፋስ ማስተላለፊያ ሣጥን ሠራና አሸዋ እየነፋ ለካ። ውጤቱን በፈረንጆቹ 1941 አሳተመ። ዛሬም ድረስ ከእሱ ነው የሚጀመረው።

ወደ ጥያቄሽ። ዳርቻው ላይ አንድ ቁጥቋጦ፣ ሞገድ የጣለው እንጨት ወይም የባሕር አረም ይኖራል። ነፋሱ እዚያ ሲደርስ ጉልበቱ ይቀንሳል፣ የያዘውን ከኋላው ይጥላል። ጉብታ ይወጣል። ጉብታው ራሱ ነፋስ ይከለክላልና ሌላ ይጨመርበታል። ክምር እንዲህ ነው የሚረገዘው።

ከዚያ ሁለት ፊት ያወጣል። ነፋስ የሚመታው ፊት ገር ነው፣ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ቢሆን ነው። ዘላዮቹ ቅንጣቶች ሲደበድቡት ይጠቀጠቃል፣ ለዚህ ነው በነጠላ ጫማ የወጣሽው። ጫፉ ላይ ሲደርሱ ነፋስ ወደሌለበት ጀርባ ይወድቃሉ። እዚያ የሚደበድባቸው የለም፣ ልል ሆነው ይከመራሉ። ተዳፋቱ ከ30 እስከ 34 ዲግሪ ሲደርስ መሸከም ያቅተውና ይናዳል። ኮድ ሦስት የገልባጩን ያመጣው ልክ ነው፣ ያው ሕግ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ፊዚክስ ሲሠራ ኖሯል ማለት ነው።

ቁጥቋጦሽንም የበላት ይኸው ነው። ከፊት እየተነሳ ከኋላ ሲወድቅ ክምሩ በሙሉ ይራመዳል። ፈረንሳይ ውስጥ ፒላ የሚባል አለ፣ አትላንቲክ ዳር። ከአውሮፓ አንደኛ ነው፣ ከ100 ሜትር በላይ ይቆማል፣ ሦስት ኪሎ ሜትር ሊሞላ ትንሽ የቀረው ርዝመት አለው። በየዓመቱ ጥቂት ሜትር ወደ የብስ እየገፋ የጥድ ጫካ ይውጣል። ያንቺ ቁጥቋጦ ከጫካው ጋር ዕጣዋ አንድ ነው።

ኮድ ሦስት 4:02

ፊዚክስ! ስምንተኛ ክፍል አቋርጬ ነው ጋሼ። ለሚስቴ አነበብኩላት።

ላይዳ (ቆቦ) 4:15

መምህር፣ እንደገባኝ ከሆነ ይሄ የአውድማ ሥራ ነው። እኛ ጋ ምርት ስናነሳ በመንሽ በላይዳ ወደ ላይ እንበትናለን። ፍሬው እግራችን ሥር ይወድቃል። ገለባው ራቅ ብሎ ይከመራል። እብቁ የጎረቤት ማሳ ይደርሳል። ነፋስ ከሌለ ቁጭ ብሎ ማፏጨት ነው።

የጦሳ ጥላ 4:22

ላይዳ፣ ይቺን ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሳላስባት መኖሬ ቆጨኝ። በትክክል እሱ ነው። ነፋስ ያበራያል። ጠጠሩና ትልልቁ የዛጎል ስባሪ ከብዶት ዳርቻው ላይ ይቀራል፣ እሱ ግርዱ ነው። አቧራው ሽቅብ ተነስቶ ባሕር ይሻገራል፣ እሱ እብቁ ነው። መካከለኛው ብቻ እየዘለለ ሄዶ ይከመራል። ስለዚህ የክምር አሸዋ ብትዘግኑት ቅንጣቱ እኩል እኩል ነው፣ በወንፊት የተነፋ ይመስላል። የወንዝ አሸዋ ግን ድንጋዩም ጭቃውም አብሮ ነው።

ኮድ ሦስት 4:25

የቦርከናን እንኳን አይንገሩኝ። አንድ ቢያጆ ውስጥ የማይገኝ የለም። ባለፈው ጫማ ወጣ።

ሰኞ ገበያ እሑድ ጠዋት 1:40

አባቴን አስነበብኩት። ከ1990 በፊት ከአሰብ ያመላልስ የነበረ ሾፌር ነው። በኮምቦልቻ፣ በባቲ፣ በሚሌ አድርገው ነበር የሚወርዱት። እንዲህ አለኝ፣ እኔ ልጻፍለት።

«ወደ ባሕሩ ስትቀርብ አሸዋው አስፋልቱን እንደ ምላስ ያቋርጠዋል። ረዳቱ አካፋ ይዞ ይወርዳል። እሱ ሲጠርግ እኔ ሞተር አላጠፋም። አንዳንዱ ጉብታ ጨረቃ ይመስላል፣ ሁለት ቀንድ አለው። ቀንዶቹ ወዴት እንደሚያመለክቱ ካየህ ነፋሱ ወዴት እንደሚሄድ ታውቃለህ። ቀንዱ ወደ መንገዱ ካመለከተ በመልስ ጉዞህ ታገኘዋለህ።»

ፍሬሽ (ወልድያ) 2:05

አባታችንን በጣም አከብራለሁ፣ ግን የባሕር ዳር ክምር ቀንዱ ወደ ነፋሱ መምጫ ነው የሚያመለክተው። ባለፈው ሳምንት ነው የተፈተንነው።

ሰኞ ገበያ 2:07

አባቴ አሥራ ስድስት ዓመት ነድቷል። አንተ ባለፈው ሳምንት ተፈተንክ።

ፍሬሽ 2:09

ፈተናው ላይ ግን አግኝቻለሁ።

የጦሳ ጥላ 2:40

አትጣሉ፣ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። ነገሩ ሁለት ዓይነት ጨረቃ ስላለ ነው።

አባትህ ያዩት ሣር ቅጠል በሌለበት ሜዳ ላይ የሚሄደውን ነው። ባርካን ይባላል። መሃሉ ወፍራም ስለሆነ ቀስ ይላል፣ ዳርና ዳሩ ስስ ስለሆነ ቀድሞ ይሮጣል። ስለዚህ ቀንዶቹ ነፋሱ ወደሚሄድበት ያመለክታሉ።

ፍሬሽ የተፈተነው ደግሞ ዕፅዋት የያዘውን ነው። ሣር ለብሶ የቆመ ክምር ላይ አንድ ቦታ ሣሩ ይጠፋል። በግ በላው፣ እግር ረገጠው፣ ማዕበል ቆረጠው፣ ምንም ይሁን። ነፋሱ ያቺን ቀዳዳ ያገኝና ይቦረቡራታል። ጎድጓድ ትሆናለች። የተቦረቦረው አሸዋ መሃሉን ይዞ ወደፊት ይሄዳል። ዳርና ዳሩ ግን ሥር ስለያዘው ወደኋላ ይቀራል። እንግዲህ ክንዶቹ ነፋሱ ወደ መጣበት የተዘረጉ ይሆናሉ። ባርካን ዳሩ ይቀድማል፣ ይኸኛው ዳሩ ይቀራል። ልዩነቱ ሣር ነው።

ሰኞ ገበያ 2:48

አባቴ «ልጁ ጎበዝ ነው፣ ቡና ይጠጣ» ብሏል። ሰኞ ና።

የክሩ ጠባቂ 3:30

አሰብ ከተነሳ ጀምሮ ስለ ወደብ የተጻፉ አሥራ ሰባት መልሶች ወደ ሌላ ክር ተዛውረዋል። እዚህ አሸዋ ብቻ።

የሐይቅ ልጅ 5:15

ያረቢ፣ ይሄን ያህል ሰው ይመልስልኛል አላልኩም። ጋሼ፣ እድሜ ይስጥዎት። አሁን የቀረኝ አንድ ነገር ነው። ወደ ባሕሩ የቀረበው ክምር ነጣ ያለ ነው። ወደ ውስጥ ስንሄድ ግን ቀይ እየሆነ ይሄዳል፣ እንደ በርበሬ ባይሆንም እንደ ሽሮ። የተለያየ ቦታ አሸዋ ነው?

የጦሳ ጥላ 6:00

ዓይንሽ ጥሩ ነው። ከባሕሩ ወደ ውስጥ ስትሄጂ በዕድሜ ነው የምትሄጂው።

መጀመሪያ ውሃው አፍ ላይ ያሉት ትንንሽ ጉብታዎች ናቸው፣ ከአንድ ሜትር የማይበልጡ። አንድ ማዕበል ይጠርጋቸዋል። ከእነሱ ኋላ ከባሕሩ ጎን ለጎን የተዘረጋው የፊት ክምር አለ። እዚያ የሚበቅለው ሣር ጉድ ነው። በአውሮፓ ማራም የሚሉት አለ፣ አሸዋ ሲቀብረው ይደሰታል። በዓመት እስከ አንድ ሜትር ቢቀበር ሽቅብ ያድጋል፣ ሥሩም አሸዋውን እንደ መረብ ይይዛል። መቀበሩ ሲቆም ነው የሚደክመው። በሞቃት ባሕሮች ደግሞ መሬት ለመሬት የሚሳብ፣ ሐምራዊ አበባ ያለው ሐረግ አለ። ቅጠሉ ለሁለት የተሰነጠቀ ነው፣ ሳይንሳዊ ስሙም የፍየል እግር ማለት ነው።

ከዚያ ኋላ ያሉት የቆዩት ናቸው። አዲስ አሸዋ አይደርሳቸውም፣ ቅጠል ይበሰብስባቸዋል፣ እንደ ሰው ይሸብታሉ። ግራጫ የሚባሉት ለዚህ ነው። በሁለት ክምር መሃል ረባዳ ይኖራል፣ ነፋሱ እርጥብ አሸዋ እስኪያገኝ ይቆፍርና እዚያ ያቆማል። ክረምት ውሃ ይተኛበታል። የዝናብ ውሃ ከጨው ውሃ ስለሚቀል በክምሩ ሥር ከላይ ይንሳፈፋል። የአምስተርዳም ሰው ከፈረንጆቹ 1853 ጀምሮ ከባሕር ዳር የአሸዋ ክምር ውሃ ይጠጣል፤ ባሕሩ አጠገቡ ነው፣ ውሃው ግን ጨው የለውም።

ይህ ግን ዝናብ ያለበት አገር ነው። አንቺ ያየሽው ደረቅ ነው፣ ሽበት የለውም፣ ቅላት ነው ያለው። በአሸዋው ውስጥ ያለው ብረት ከአየር ጋር እየዛገ ቅንጣቱን ይቀባዋል። ባሕሩ አጠገብ ያለው ደግሞ የዛጎል ስባሪ ይበዛበታል፣ ስለዚህ ይነጣል። በናሚቢያም እንደዚሁ ነው። ዳር ላይ ገረጣ፣ ወደ ውስጥ ቀላ።

ሮሃ (ላሊበላ) 6:20

የናሚቢያው አሸዋ ራሱ ከየት መጣ? ፎቶውን አይቻለሁ፣ ከ300 ሜትር በላይ የሚሆኑ አሉ አሉ።

የጦሳ ጥላ 6:45

እኔ የምወዳት ጥያቄ መጣች።

የናሚብ አሸዋ አብዛኛው ከኦሬንጅ ወንዝ ነው። ወንዙ የሚነሳው ሌሶቶ ተራሮች ላይ ነው፣ ከባሕሩ በስተምሥራቅ፣ አህጉሩን አቋርጦ። አሸዋውን አትላንቲክ ላይ ይደፋዋል። ሞገዱ በዳርቻው ወደ ሰሜን ይነዳዋል። ነፋሱ ወደ የብስ መልሶ ያስገባዋል። እስቲ አስቡት፣ ተራራ ላይ የነበረ ድንጋይ ባሕር ደርሶ ተመልሶ ተራራ ሆነ።

አሁን ወደ እኛ ልምጣ። በሺሎን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ከመቅደላና ከደላንታ ሥር እየጠረበ ዓባይ ይገባል። ተከዜ ከላስታ ይነሳል፣ አትባራ ሆኖ ናይል ይገባል። ያ ሁሉ ደለል ሺህ ዓመታት ሜዲትራንያን ሲገባ ኖሯል። እዚያ ሞገዱ ወደ ምሥራቅ ይነዳዋል፣ በሲና ዳርቻ አልፎ እስከ ሃይፋ። ከሲና እስከዚያ ያሉት የባሕር ዳር የአሸዋ ክምሮች ናይል ያመጣቸው ናቸው።

ሮሃ 6:51

ማለት የእኛ አፈር ነው? ላስታ ሜዲትራንያን ዳር ተራራ ሠርታለች? ይሄንማ ነገ ለቱሪስት እናገራለሁ።

ፍሬሽ 7:03

ቆይ ቆይ። የእኛ ተራራ ባሳልት ነው፣ ከእሳተ ገሞራ የወጣ ጥቁር ድንጋይ። ባሳልት ደግሞ ኳርትዝ የሚባለው ነጣ ያለ ጠንካራ ማዕድን የለውም። የዚያ ዳርቻ አሸዋ አብዛኛው ኳርትዝ ነው ተብለናል። ባሳልት ሲበሰብስ ጭቃ ነው የሚሆነው፣ ዋልካ። ስለዚህ የእኛ ነው ማለት ይከብዳል ጋሼ።

የጦሳ ጥላ 7:30

ይሄ ልጅ ቡናውን በሚገባ አግኝቷል።

ልክ ነህ፣ እኔ ዘለልኩት። ነጩ ኳርትዝ የሚመጣው ወንዞቹ በመንገዳቸው ከሚቆርጡት ግራናይትና የአሸዋ ድንጋይ ነው። የእኛ ደጋ በብዛት የሚልከው ጭቃውን ነው፣ የግብፅን እርሻ ያበላው እሱ ነው። ግን ከባሳልታችን ጭቃ ብቻ አይወጣም። ጥቁር ቅንጣቶች ይወጣሉ፣ ኦጋይትና ማግኔታይት የሚባሉ። በናይል አሸዋ ውስጥ ያለው ኦጋይት ከኢትዮጵያ ባሳልት እንደመጣ የታወቀ ነው። ስለዚህ ሮሃ ለቱሪስቱ «ተራራው የእኛ ነው» አትበል። «ውስጡ ያለው ጥቁር ጥቁሩ ከእኛ ነው» በል።

አሁን አሁን ግን አይደርስም። የአስዋን ግድብ ከፈረንጆቹ 1964 ጀምሮ ደለሉን ይዞ አስቀርቶታል፣ የናይል አፍ ላይ ያለው ዳርቻም እየተበላ ነው። አሸዋ ካልመጣለት ዳርቻ ነፋስና ሞገድ ይወስዱበታል እንጂ አይጨምሩለትም። የላስታው ደግሞ ከዚያ በፊት ተከዜ ግድብ ላይ ይቀራል፣ የበሺሎውም ህዳሴ ላይ።

የኮድ ሦስት ቦርከና ሌላ ዕጣ ነው ያለው። ወደ አዋሽ ይገባል፣ አዋሽ አቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል። ባሕር የሚባል አያይም። አንድ ወረዳ ላይ የዘነበ ዝናብ ከጋራው ወዲህ ከወደቀ በረሃ ይቀራል፣ ወዲያ ከወደቀ ሜዲትራንያን ይሄዳል።

የዋቢ ሸበሌ ነገር ደግሞ ከሁሉም ይገርማል። ሞቃዲሾ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው የባሕር ዳር የአሸዋ ክምር መንገድ ይዘጋበታል። ወንዙ ወደ ደቡብ ምዕራብ ታጥፎ፣ ከባሕሩ ጎን ለጎን እየሄደ፣ አብዛኛውን ዓመት ባሕሩን ሳያይ ረግረግ ውስጥ ይጠፋል። አሸዋ ወንዝ መለሰ።

ኮድ ሦስት 7:41

ስለዚህ የእኔ አሸዋ ባሕር አይደርስም፣ ኮምቦልቻ ፎቅ ላይ ይቀራል። ደህና ነው፣ ቢያንስ አድራሻው ይታወቃል።

ግን ጋሼ፣ በነካ አፍዎ፣ ያ የባሕሩ አሸዋ ለግንባታ ይሆናል?

ፎርማን (ደሴ) 7:55

እሱን ለእኔ ተወው። የባሕር ዳር አሸዋ ጨው አለው። ሳይታጠብ ኮንክሪት ውስጥ ካስገባኸው ፌሮውን ይበላዋል። ፌሮ ሲዝግ ያብጣል፣ ኮንክሪቱን ይሰነጥቃል። የበረሃው ደግሞ ደቃቅና ድቡልቡል ነው፣ ለመያያዝ አይመችም። ዱባይ በአሸዋ ተከባ አሸዋ ከውጭ የምትገዛው ለምን ይመስልሃል? ያ የጫማ አሸዋህ ይሻላል፣ ጫማውን ብቻ አውጣልኝ።

በነገራችን ላይ አንድ ጊዜ ያልታጠበ አሸዋ ጭነው አምጥተውልኝ አንድ ኮለን አፍርሼያለሁ። ማን እንደሆነ አልናገርም፣ እዚህ መድረክ ላይ አለ።

ኮድ ሦስት 7:57

እኔ አይደለሁም!

ሮሃ ሰኞ ጠዋት 2:15

ትናንት ማታ ሳነብ አንድ ነገር አገኘሁ። ዴንማርክ ውስጥ ስካገን የሚባል ቦታ አለ። ቤተ ክርስቲያናቸውን የባሕር ዳር አሸዋ ቀበረው። ምእመናኑ እሑድ እሑድ በሩን በአካፋ እየቆፈሩ ነበር የሚገቡት። በፈረንጆቹ 1795 ደከማቸውና ዘጉት። ዛሬ ከአሸዋው በላይ ግንቡ ብቻ ይታያል።

እኛ ቤተ ክርስቲያን ከድንጋይ ቆፍረን አወጣን። እነሱ ቤተ ክርስቲያን ለመግባት አሸዋ ቆፈሩ። ዲያቆን ወንድሜ ስነግረው አንድ ደቂቃ ያህል ዝም አለ።

ላይዳ 2:30

ምን ነክቶት ነው አሸዋው እንዲህ የተነሳው?

የጦሳ ጥላ 3:10

ከብት ከመጠን በላይ ተሰማራ፣ ሣሩና እንጨቱ ለማገዶ ተነቀለ። ሥር ሲጠፋ አሸዋው ተፈታ። ይህንን ለወሎ ሰው ማስረዳት አያስፈልገኝም፤ እኛ ጋ ተራራው ሲራቆት ጎርፍ ነው የሚመጣው፣ እነሱ ጋ አሸዋ መጣ።

አንድ የረሳሁት ነገር። ክምሩ ለዳርቻው እንደ እቁብ ነው። ማዕበል ሲመጣ ከፊቱ ይቆርስና አሸዋውን ባሕሩ ውስጥ ያስቀምጠዋል። እዚያ የተከመረው አሸዋ የሚቀጥለውን ሞገድ ጉልበት ይሰብራል። ባሕሩ ሲረጋ ቀስ እያለ ይመልሰዋል፣ ነፋሱ ተቀብሎ መልሶ ይከምረዋል። ክምሩን አንስቶ ቤት የሚሠራ ሰው እቁቡን በልቶ የጠፋ ነው።

ልጄ የሐይቅ ልጅ፣ ብልቃጡ አለ አይደል? ሁለት ነገር ሞክሪ። በማንኪያ አውጪና አቸቶ ጠብ ጠብ አድርጊበት። አረፋ ካወጣ የዛጎል ስባሪ ወይም የኖራ ድንጋይ አለበት። ከዚያ ከተበላሸ ስፒከር ማግኔት አውጥተሽ፣ በፌስታል ጠቅልለሽ አሸዋው ላይ አንሸራሽሪው። ፌስታሉን አትርሺ፣ አለበለዚያ ማግኔቱን ማጽዳት ሦስት ቀን ይፈጅብሻል። ኮድ ሦስትም የቦርከናን ሞክር።

የሐይቅ ልጅ ሰኞ ማታ 1:20

አደረግኩት። ቡና አፍልቼ ጎረቤት ሰብስቤ ነው ያደረግኩት፣ እናቴ «እዚህ ቤት ምን እየተሠራ ነው» እስክትል።

አቸቶው እንደነካው ዝም አለ። ከዚያ ስስስ ማለት ጀመረ። ጆሮዬን አስጠግቼ ሰማሁት። እንደ አምቦ ውሃ ትንንሽ አረፋ ከሥሩ ይወጣል። ጋሼ፣ ስድስት ዓመት የረገጥኩት ዛጎል ነበር ለካ። ማግኔቱ ላይ ግን በጣም ጥቂት ጥቁር ነገር ብቻ ነው የያዘው፣ እንደ ጥቁር አዝሙድ ፍርፋሪ።

ኮድ ሦስት 1:55

የእኔ የተገላቢጦሽ ነው። አቸቶው ምንም አላለም፣ ሰላጣ ላይ እንደፈሰሰ ቁጭ አለ። ማግኔቱ ግን ወላሂ ጢም አወጣ። ጥቁር በጥቁር። ፌስታሉን ረስቼዋለሁ፣ ጋሼ አስጠንቅቀው ነበር። ሚስቴ ጥረገው ስትለኝ እንቢ ብያለሁ፣ ሬዲዮው ላይ ለጥፌዋለሁ።

የጦሳ ጥላ 2:05

ያ ጢም በአብዛኛው ማግኔታይቱ ነው። ድሮ፣ ግድቦቹ ሳይሠሩ፣ በበሺሎ በኩል ቢወርድ ኖሮ ከሲና ዳርቻ ላይ ታገኘው ነበር።

የሐይቅ ልጅ 2:11

ወንድሜ ኮድ ሦስት፣ ሐይቅ ስታልፍ ከቦርከናው ትንሽ አምጣልኝ። ከኦማኑ ጎን ቡፌ ላይ አስቀምጠዋለሁ።

ኮድ ሦስት 2:12

አብሽሪ። በብልቃጥ ነው ወይስ በቢያጆ?